በየትኛው በር? ከአባቴ ጋር እስከ ቤተ ልሔም

እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ስለ ተራራውና ስለ ገደሉ እንድነግረው ይጠብቅ ይሆናል። ተራራም ገደልም አለ፤ በመኪና መስኮት አይቻቸዋለሁ። በስድስት ቀን ጉዞ ጊዜ ሰጥቼ የተመለከትኩት ግን መጸዳጃ ቤት ነው። የተቆለፈውን፣ የተከፈተውን፣ በር ያለውን፣ በር ሊገጠምለት የታሰበውን ሁሉ አይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ።

አባቴ መሪጌታ ይኄይስ ይባላል። በልጅነቱ ከስማዳ ወጥቶ ጋይንት ባለው የቤተ ልሔም ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ በባሕር ዳር አንድ ደብር ሲያገለግል ኖሮ ካቻምና ደም ግፊት ቀኝ ጎኑን መታው። አሁን በከዘራና በእኔ ትከሻ ይሄዳል። አንደበቱ ደህና ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። ቀኝ እጁ ግን ቀበቶ አይፈታም፣ ቁልፍ አይቆልፍም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አንድ ሰው አብሮት መግባት አለበት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ወንድም የለኝም፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ስንዱ እባላለሁ፣ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ በዚህ ሥራ አፍሬ አላውቅም። የሚያፍረው እሱ ነው።

በዚህ ላይ ኩላሊቱ ጠጠር ያፈራል። ሐኪሙ ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ፣ ኮሪደር ላይ አውጥቶ፣ «በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ካልጠጡ ይህ ኩላሊት ይዘጋል። ከተዘጋ የምናደርገው ብዙ ነገር የለንም» አለኝ። የገባ ውሃ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህን ለማወቅ ባዮሎጂ መማር አያስፈልግም። ቤታችን ውስጥ ችግር የለብንም። መጸዳጃ ቤታችን አንድ ነው፤ በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የሚገባበትን ሰው ሁሉ በስም እናውቀዋለን።

ከጉዞው በፊት ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቱታ ገዝቼለት ነበር። ቱታውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየና «ቱታ ለብሶ ቤተ ልሔም የገባ መሪጌታ ሰምተሻል?» አለኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐር እንዳለ ነገረችን። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ።

በፋሲካ ማግስት ነው ነገሩን ያነሣው። «ቤተ ልሔምን ዳግመኛ ሳላይ አልሞትም» አለ። እኔ እንግዲያውስ ባናሳየው ይሻላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ፦ በንጹሕ ልብስ ገብቶ፣ ድሮ በተማሪነቱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሞ ማስቀደስ ይፈልጋል። ንጹሕ ልብስ የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመው። መንገዱ ክፍት ነው ሲባል በነፋስ መውጫ በኩል ያለውን አቋራጭ ትተን፣ በስማዳ ያለች እኅቱን ለማየት በእስቴ በኩል ዞርን።

ማክሰኞ

በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። አባቴ ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከጣና ዳር ሙቀት ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ ነጠላዬን ደረብኩ። ጠዋት ቤት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አጠጥቼው ነበር፤ ያኔ ገና ጉዞ አላውቅም ነበር።

በመንገዳችን ላይ ባለች አንዲት ከተማ፣ ስሟን በማልጠራው መናኸሪያ፣ አዲስ የሕዝብ መጸዳጃ አገኘን። ይህን የመሰለ በባሕር ዳርም ጥቂት ነው። እኛ ዘንድ ካፌዎች በር ላይ ባርኔጣና ባለተረከዝ ጫማ ይሳላል፤ አባቴ ባርኔጣ፣ እኔ ተረከዝ አድርገን ስለማናውቅ ማን የት እንደሚገባ ተጠራጥረን እናውቃለን። እዚህ ግን «ወንድ» እና «ሴት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። በሁለቱ በሮች መካከል ደግሞ በላስቲክ የተለበጠ ደንብ ተለጥፏል፤ ሦስተኛው ተራ ቁጥር «ከተመደበለት ፆታ ውጪ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ከደንቡ ሥር አንዲት ጠባቂ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀምጣለች።

አባቴን ደግፌ ወደ «ወንድ» ሳመራ ተነሣች።

«እኅቴ! የሴት በዚያ ነው።»

«አባቴ ነው። ታሟል፤ ብቻውን አይችልም።»

«እሽ፣ እሳቸው ይግቡ። አንቺ ቆይ።»

«ብቻውን አይችልም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያስ በሴት በኩል ላስገባችሁ? እሳቸው ሴት ናቸው?»

አባቴ ሴት አለመሆኑን በጨዋነት አረጋገጠላት። ሰው ተሰበሰበ። ጃኬት የለበሰ አንድ መንገደኛ «እኔ ልያዛቸው» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አባቴ «ልጄ፣ ማን ልበል?» አለው። ሰውየው ስሙንና የመጣበትን አገር ተናገረ። አባቴ አመሰገነው፤ ቀበቶውን ግን አልሰጠውም። አንዱ ሕግ ሕግ ነው አለ፣ ሌላው ሕግ ለሰው ነው አለ፣ ሦስተኛው ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ወደ ትኬት ሰልፉ ተመለሰ። ጠባቂዋ ክፉ አልነበረችም። መላ ፈጠረች። ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ነፍታ «ወንዶች በሙሉ ውጡ! ሴት ልትገባ ነው! የታመመ አባት ይዛ ነው!» ብላ ጮኸች። ወንዶች ሱሪያቸውን እየቆለፉ ተራ በተራ ወጡ፤ መናኸሪያው ባንድ ላይ ዞሮ አየን።

እኛ ስንገባ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። የአባቴ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

ጠባቂዋ ውሃ በባልዲና ሳሙና አመጣችልን፤ በሩን እሷው ቆማ ጠበቀች። ሱሪውን ስቀይርለት አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር።  እኔ ንዴቱ እስከ አሁን አልለቀቀኝም፤ በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን ዛሬም አላውቅም።

መካነ ኢየሱስ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የእስቴ ሰው ሲቀበል ያውቅበታል። ያረፍንበት አልጋ ቤት በኮሪደሩ ጫፍ አንድ መጸዳጃ ብቻ አለው፤ ጽሑፍ የለውም፤ የገባ መንጠቆውን ይጥላል፣ የወጣ ያነሣል። እንዲህ ያለ የሠለጠነ አሠራር ሳይ ደስ ብሎኝ ለአባቴ ውሃ ቀዳሁለት። አልተቀበለኝም።

«ስእለት አለብኝ» አለ፣ ወደ አልጋ ቤቷ ባለቤት ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቤተ ልሔምን እስካይ ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ውሃ አልቀምስም።»

ባለቤቲቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። እኔ ደነገጥኩ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጌታ ተነሥቷል ተብሎ ሐዘንና ጾም የሚከለከልበት ጊዜ ነው። ይህን ለእኔ ያስተማረኝ ይኸው ሰውዬ ነው። ማታ አንድ ስኒ ሻይ ጠጥቶ ተኛ።

ረቡዕ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባለቤቲቱ ለመኪናው ረዳት፣ ረዳቱ ለተሳፋሪው ነግሮ፣ ወደ ስማዳ ስንጓዝ መኪናው ውስጥ አባቴ ቅዱስ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴት ለታመመ ልጇ ጸሎት ጠየቀችው። አንድ ገበሬ ዝናቡን በጸሎት እንዲያስብ አሳሰበው፤ የመጀመሪያው የግንቦት ካፊያ ወርዶ ሰዉ ማረስ ጀምሯል፣ የቀረው ዘግይቷል። ረዳቱ ሙዚቃውን ዘጋ። አባቴ ለሁሉም በእርጋታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። መንገዱ አቧራማ ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። የመኪናው ሰው ግን ይህንኑ እያየ ይባስ አከበረው።

የስማዳዋ ከተማ ወገዳ ስንደርስ አክስቴ፣ ጥሩ ትባላለች፣ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ስታቅፈው እንደ ሕፃን አነሣችው ማለት ይቻላል፤ እንደዚያ ከስቷል። ዶሮ ሠርታለች። አባቴ ከሞሰቡ ፊት ተቀምጦ ስእለቱን ነገራት። አክስቴ እንደ ሰዉ አልተንበረከከችም።

«በበዓለ ሃምሳ?» አለች።

«ስእለት ነው።»

«የስእለቱ ታቦት ማን ነው?»

«ጥሩ፣ ተይኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜን ነካው እንዴ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ። አክስቴ ዶሮውን ከደነችና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፈተችው። እሱ ሁለት ጉርሻ ጎረሰ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ሌሊት እንዳያስነሣው ነው። አክስቴ ግን መጸዳጃዋ ከጓሮ መሆኑን፣ በሯ ማዳበሪያ መሆኑን፣ ማንም ከማንም ጋር ቢገባ የሚጠይቅ እንደሌለ ሁለት ጊዜ ተናገረች። በዚያች ማታ አክስቴ ሳይነገራት ሁሉንም እንዳወቀች ገባኝ።

ሐሙስ

ጠዋት የሽንቱ ቀለም የጠቆረ ሻይ መስሎ አየሁት። በክፍል ውስጥ ይህን ምልክት ለልጆች አስተምራለሁ፤ ፈተናም ላይ አውጥቼዋለሁ።

በአክስቴ ግቢ አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ተከራይቶ ይኖራል። ዳዊት ይባላል፣ ሥራው የአካባቢ ንጽሕና ነው። ችግሬን ስነግረው ፊቱ በራ። «አዲሱ የገበያው መጸዳጃ እኮ ስታንዳርዱን የጠበቀ ነው! ሦስት ክፍል አለው። የወንድ፣ የሴት፣ ሦስተኛው ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ፤ ራምፕ ሁሉ አለው። ኑ ላሳያችሁ።»

አባቴን ይዘን ሄድን። በእውነት ሦስት በር አለው፤ ባሕር ዳር ሆኜ አይቼው የማላውቀው ነው። ወደ ሦስተኛው በር የሚወስደው ሲሚንቶ ዳገት ለስላሳ ነው፤ አባቴ ከዘራውን ሳይደገፍ ወጣው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዙት ሽማግሌ ተፈልገው መጡ፣ ከፈቱ። ክፍሉ እስከ ወገብ ድረስ በዘር ድንች ተሞልቷል።

«ጥላ ይፈልጋል» አሉ ሽማግሌው። «ፀሐይ ካገኘው ይጠፋል።»

ዳዊት ተቆጣ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው ድንቹን ጥግ ጥግ አስይዘው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አስለቀቁ። አባቴን አስገብቼ ልከተለው ስል ከዘራቸውን በበሩ ላይ አጋደሙ።

«አንቺ ጉዳተኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ይህ የጉዳተኛ ነው። ጤነኛ አይገባበትም፤ ዳዊት ራሱ ነው ያስተማረን።»

ዳዊትን አየሁት። ዳዊት ስልኩን አየ። «ፎርሙ ላይ ደጋፊ የሚል ዓምድ የለም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሽማግሌውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እንድገባ ምልክት ሰጠኝ። አባቴ ግን ከድንቹ መካከል ወጥቶ ነበር። «አላስፈለገኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ሳይጠጡ ምን ያስፈልጋል። ዳዊት እስከ መኪናው ሸኘን፤ ዓምዱን እንደሚያስጨምር ቃል ገባልኝ። ቀና ልጅ ነው፤ እኔም አምኜዋለሁ።

ማምሻውን አርብ ገበያ ገባን። አባቴ ከመኪና ሲወርድ ሁለት ጊዜ አረፈ።

ዓርብ

አርብ ገበያ የታች ጋይንት መቀመጫ ነው፤ ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆማል። ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ በእግሩና በአህያ ይተምማል። አባቴ በተማሪነቱ እዚህ ገበያ ላይ ቁራሽ ለምኗል፤ የለመነበትን ዋርካ ላሳይሽ ብሎ አወጣኝ። ዋርካው የለም። በቦታው የስልክ ካርድ ይሸጣል። ቆሞ ሲያየው፣ ከዘራው ከእጁ ወደቀ፤ ከዘራውን ለማንሣት ጎንበስ ስል እሱ ራሱ ተከተለው።

የወደቀው በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ፣ በአቡጀዴ ክምር ላይ ነው። ነጋዴው ሰይድ ይባላል፤ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። ከሚስቱ ከዘሐራ ጋር አንሥተን ወደ ሱቁ ጓዳ አስገባነው። ዘሐራ ውሃ አመጣች። አባቴ ዓይኑን ከፈተ፣ አፉን ገጠመ።

«ስእለት አለበት። እየጾመ ነው» አልኩ። አራት ቀን ስለው ምላሴ ለምዶታል።

ሰይድ አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ አባቴን አየው።

«መሪጌታ» አለ፣ «የእኛ ጾም ወጥቷል። የእናንተም ወጥቷል። አንቱ የማንን ነው የሚጾሙት?»

አባቴ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት፤ ደረቅ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። «ሰይድ፣ ደጅ መውጣት ፈርቼ ነው» አለ። «እጄ አይሠራም። የምታወጣኝ ይህች ልጄ ናት። በመናኸሪያ ሰው ሁሉ እያየ ረጠብኩ። ረጥቤ ቤተ ልሔም አልገባም።»

ይህን ለእኔ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ወደ አቡጀዴው ዞሬ ቆየሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ ሰይድ። ዘሐራ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ከገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አንሥታ ነበር፣ መንገዱ እንዲሰፋልን ነው፤ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ በሩ ላይ አስቀምጣለች። ሰይድ የቤቱን ሕግ ነገረን። «ይህ ቤት ዐሥር ሰው አለበት፤ ወንድም ሴትም። በር ላይ የተጻፈ የለም። ወደዚያ የሚሄድ ጉሮሮውን ጠርጎ ይስላል። ውስጥ ያለ መልሶ ይስላል። መልሶ የሚስል ከሌለ ባዶ ነው። በቃ።»

አባቴ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ከዚያ እየሳልን ሄድን፤ እሱ ስለ ራሱ ሳለ፣ እኔ ስለ እሱ ሳልኩ፣ ከኋላችን ሰይድ ለሁለታችንም ሳለልን። በአራት ቀን ውስጥ ያለ ንግግር የተጠናቀቀ የመጀመሪያ ጉዳያችን ነው። ዘሐራ ዳቦና ማር አቀረበች፤ እስከ ማታ እዚያው ዋልን፤ ሁለቱ ሽማግሎች የገበያውን ድሮና ዘንድሮ ሲያወዳድሩ ድሮ በሁሉም ነገር አሸነፈ።

ስንሰናበት አባቴን «እንግዲህ ነገም ትጠጣለህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ በአሉታ ነው። «ይህ የደግ ሰው ቤት ነው። የቤተ ልሔም የተማሪ ግቢ ግን ሴት አትገባበትም። ደጅ መውጫው ደግሞ ከተማሪው ጎጆ ጀርባ ነው። ድሮም እዚያ ነበር።»

ቅዳሜ

አንባቢ እንዳይጨነቅ የእሑዱን አስቀድሜ ልንገር። እሑድ አባቴ በንጹሕ ልብስ ቤተ ልሔም ገብቶ፣ በከዘራውና በአንድ ዲያቆን ተደግፎ አስቀደሰ፤ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ቤታችን ተመለስን። ለእኔ ግን ከእሑድ ቅዳሜ ይበልጥብኛል።

ሰይድ ያገናኘን ሹፌር መንገዱ እስካደረሰው ድረስ አደረሰን፤ የቀረውን አባቴ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ሄድን። አባቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆኖ ጫካውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳለመ። ከዚያ ለጉባኤው መምህር ሊያስተዋውቁት ወሰዱት። ጉባኤ የሚባለው ተማሪዎች መምህራቸውን ከበው ዜማ የሚቀበሉበት ነው፤ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ከግቢው አጥር በር ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ማለፍ አይፈቀድልኝም።

የኔታ ዓይናቸው አያይም። ከአባቴ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው፤ እሱ ወደ ከተማ ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። እጁን ዳብሰው አወቁት። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ከዚያ የኔታ ፊታቸውን አጠቆሩ። ወሬው ከእኛ በቅሎ ቀድሞ ደርሷል።

«ይኄይስ፣ በበዓለ ሃምሳ ትጾማለህ አሉ። ጌታ ተነሥቶ ሳለ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ከዚህ ፊት ስእለት ማለት እንደማያዋጣ አባቴ አወቀ። ተማሪዎቹ እየሰሙ፣ እኔ በአጥሩ በር እየሰማሁ፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ ያለውን ሁሉ ተናገረ። የኔታ እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«እኔን ማን የሚያወጣኝ ይመስልሃል?» አሉ። «እነዚህ ናቸው፣ በየተራ። አንዱ ይያዝህ።»

«የአንተ እነሱ ናቸው። የእኔ ይህች ናት። ከሷ ሌላ አልለመድኩም።»

«የት አለች?»

«ከበሩ ላይ።»

የኔታ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩ። እኔም በማያዩት ዓይኖቻቸው ፊት ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሳቸውም ፍርድ ሰጡ። «የግቢው ሕግ ሴት አትግባ ይላል። ሕጉ የተሠራው ተማሪ ሴት እያየ ሐሳቡ እንዳይበተን ነው። እንግዲህ ሕጉን መሻር አልችልም። ተማሪ እንዳያይ ማድረግ ግን እችላለሁ።» ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ተነሡ! ፊታችሁን ወደ ካቡ! ቀለማችሁን እያላችሁ። ዞሬ ያየሁ የሚል እንዳይኖር።»

ሠላሳው ተማሪ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ካብ አዞረና ዜማውን ቀጠለ። መጀመሪያ ግን የኔታ ለአባቴ ቀኖና ሰጡት፦ የጾመውን ያህል መጠጣት። አባቴ አንድ ጣሳ በግድ ጨለጠ፤ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ በር ጠሩኝ። ደግፌው በሠላሳ ጀርባ መካከል አለፍን። በሕይወቴ ይህን ያህል ጀርባ አላየሁም፤ የተጣፈ ደበሎ፣ የተቀደደ ኮት፣ አንዱ የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ ለብሷል። አንድም ራስ አልዞረም።

መውጫው የባሕር ዛፍ እንጨትና ማዳበሪያ ነው፤ አስገባሁት፣ እንደ ቤታችን አደረግን። ሲጨርስ ሱሪውን ከፍ አድርጌ ቀበቶውን ላስገባ ስል እጄን ያዘኝ። ጆሮውን አቁሟል።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«አበላሹት! ቆርጠው ጣሉት! አውጭኝ፣ እዚህ ሆኜ ቃሉን ማንሣት አይሆንም፤ ቶሎ!»

«አባዬ፣ ቀበቶው—»

እኔ ቀበቶውን እንደያዝኩ እሱ ወጥቷል። በግራ እጁ ሱሪውን ጨብጦ፣ ያለ ከዘራ፣ ከመውጫው ራቅ ብሎ በግቢው መካከል ቆመ። «ቁርጥ አይደለም!» ብሎ ጮኸ፤ «ይዘት ነው! ድምፁን ያዙት እንጂ አትቁረጡት! ማን ነው እንዲህ አድርጎ የነገራችሁ?»

ዜማው ቆመ።  ከዛፉ ሥር የኔታ ራሳቸውን አዘነበሉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። በል አንተው ምራቸው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ዜማውን አወጣው። ከታመመ ጀምሮ አውጥቶት አያውቅም ነበር። ድምፁ ተሰባብሯል፤ ይዘቱ ላይ ሲደርስ ግን ያዘው፣ ያዘው፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ካቡ እንዳደረጉ ተቀበሉት። አላረካውም፤ አስደገማቸው። ሦስተኛው ላይ «አሁን ሆነ» አለ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ጉሮሮዬ ደረቀ። እዚህ ቤት ውሃ የለም?»

ማሊያ የለበሰው ተማሪ ጣሳ ሞልቶ አመጣ። እንዳይዞሩ ታዘዋልና፣ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ጣሳውን በጀርባው በኩል ዘርግቶ፣ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ደረሰ። አባቴ ተቀብሎ ጨለጠውና «ጨምር» አለው። ሁለተኛውንም ጠጣ። ቀበቶውን አስገባሁለት፤ የኔታ ዞሩ ሲሏቸው ተማሪዎቹ ዞሩ፤ አባቴም በመካከላቸው ተቀምጦ ማረም ጀመረ። እኔ ወደ አጥሩ በር ተመለስኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ከዜማው መካከል አባቴ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየኝ። ከተቀመጥኩበት ገና ሳልነሣ፣ ተማሪዎቹ ማንም ሳያዝዛቸው ተነሥተው ወደ ካቡ ዞሩ።